የጋዝ ምድጃ ከካቢኔት ውስጥ ከመገጠሙ በፊት

በአዲስ ከተማ፣ ከመርካቶ ገበያ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤቴ ድፎ ዳቦ እየጋገሩ ለሻይ ቤቶች በማስረከብ አራት ልጆች ያሳድጋሉ። ለብዙ ዓመታት የጋገሩት በከሰልና በእንጨት ነው። ጢሱ ዓይናቸውን አቅልቶታል፤ የከሰሉ ዋጋ ደግሞ ትርፋቸውን በልቶታል። በቅርቡ ታዲያ እቁብ ደረሳቸውና «ልጄ፣ ከእንግዲህስ በጋዝ ልጋግር» በማለት ከካቢኔት ውስጥ የሚገጠም የጋዝ ኦቨን ለመግዛት ቆረጡ። ዕቃውን አብሬያቸው እንድመርጥ ሲጠይቁኝ ሳላመነታ ተስማማሁ። የእቁቡ ገንዘብ የዓመት ድካማቸው መሆኑን አውቃለሁ። ከዚህም ሌላ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ስለነበረ ብቻቸውን ልልካቸው አልፈለግሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የኦቨኔን ጋዝ ከፍቼ ክብሪት ፍለጋ ወደ ሳሎን ሄድሁ። የኦቨኑ በር ዝግ ነበር። ተመልሼ በሩን ከፈት አድርጌ ክብሪቱን ስጭር፣ ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየው ጋዝ «ቡፍ» ብሎ በአንድ ጊዜ ተያያዘና ነበልባሉ ፊቴን ላሰኝ። ቅንድቤና የግንባሬ ፀጉር ተለበለበ። የቆየሁት አንድ ደቂቃ እንኳ የሚሞላ አይመስለኝም። ሦስት ደቂቃ ቆይቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

በመጀመሪያ ስለ ጋዙ ጠባይ ጥቂት እንበል። እናቶቻችን «ጋዝ» የሚሉት ላምባውን ነው። ላምባ ቢፈስ ይታያል፤ በጨርቅ ይጠረጋል። ቡታጋዝ ግን ሌላ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ በግፊት ታምቆ ፈሳሽ ሆኖ የሚቀመጥ ቡቴን፣ ፕሮፔን ወይም የሁለቱ ድብልቅ ሲሆን፣ ከሲሊንደሩ ሲወጣ ወደ አየርነት ተለውጦ 250 እጥፍ ያህል ይሰፋል። ከአየር ይከብዳል፤ ቡቴን ሁለት እጥፍ፣ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል። ስለሆነም እንደ ጢስ ወደ ጣሪያ አይወጣም። እንደ ውኃ ወለል ለወለል እየተሳበ ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ሥር፣ ከጉድጓድና ከፍሳሽ መውረጃ ይተኛል። በአየር ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ከሞላ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ያ የምናውቀው መጥፎ ሽታ የጋዙ የራሱ አይደለም። ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም ቢባል ይቀላል። ሰው እንዲነቃበት ሆን ተብሎ ኤቲል መርካፕታን የተባለ የሚከረፋ ነገር ይጨመርበታል። ይህ ልማድ ዓለምን ብዙ ሕይወት አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 1937 በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት፣ ኒው ለንደን በተባለች ስፍራ፣ ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ጋዝ ከአንድ ትምህርት ቤት ወለል ሥር ሾልኮ ሲጠራቀም ማንም አልጠረጠረም። ሕንፃው ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አለቁ። ጋዝ ሽታ እንዲጨመርበት የሚያስገድዱ ሕጎች የተስፋፉት ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ ሽታው ሲመጣብዎ እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ይቁጠሩት እንጂ እጣን አጭሰው አያጥፉት። እንዲህ ያደረጉ ሰዎች ስላየሁ ነው የምጽፈው።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። አዲሱ ኦቨን ከእቁባቸው በላይ ስለሆነባቸው ያገለገለ ዕቃ ወደሚነገድበት ወደ ምን አለሽ ተራ ወረድን። እዚያ ካየናቸው ምድጃዎች አንዱ እጅግ ያማረ፣ መስታወቱ ያልተጫረ፣ ከውጭ አገር ከመጣ ሰው ቤት የወጣ ነው ተባለ። ጎረቤቴ ወደዱት። እኔ ግን በሩን ከፍቼ ጠርዙ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ብረት ፈለግሁ። በብዙዎቹ የአውሮፓ ምድጃዎች ላይ፣ በበሩ ጠርዝ ወይም በጀርባ፣ ምድጃው ለየትኛው ጋዝ እንደተስተካከለ በላቲኑ የ«ጂ» ፊደልና በቁጥር ይጻፋል። 20 ከሆነ በከተማ ቧንቧ ለሚታደል የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ 30 ከሆነ ለቡቴን፣ 31 ከሆነ ለፕሮፔን። የኛ ቆንጆ 20 ነበር።

ልዩነቱ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። ጋዙ ወደ ማቃጠያው የሚገባው ጫፏ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ባላት ትንሽ ናስ በኩል ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ ቀዳዳዋ ሰፋ ትላለች። በዚያች ሰፊ ቀዳዳ ቡታጋዝ ቢለቀቅባት በመጠን ያለው ኃይል ከሁለት እጥፍ ስለሚበልጥ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ይተፋል፤ ከዚያም የከፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዝ ያወጣል። ስለዚህ ለቡታጋዝ የሚሆነው ናስ ተገዝቶ በባለሙያ ካልተለወጠ በስተቀር እንዲህ ያለውን ምድጃ አይግዙ። ነጋዴው «ጋዝ ጋዝ ነው፤ ሁሉም ይነዳል» አለን። መንደዱንስ ይነዳል! ጎረቤቴ ቅር እያላቸው ትተውት ወጡ። ሁለት ሱቅ አልፈን 30 የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ መልኩ ግን እምብዛም ያልሆነ አገኘን። እሳቱ ድንገት ቢጠፋ ጋዙን በራሱ የሚዘጋ መጠበቂያ አለውና እሱ ተገዛ። ይህንን መጠበቂያ ለማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። ሲለኮስ ቁልፉን ጥቂት ሴኮንድ ተጭነው መያዝ ካለብዎና ቶሎ ሲለቁት እሳቱ ከጠፋ፣ መጠበቂያው አለ ማለት ነው።

ሌላም የሚጠየቅ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ጋዝ የምንፈልገው መብራት ሲጠፋ እንዲያገለግለን ነው። ነገር ግን ከካቢኔት የሚገጠሙ አንዳንድ ምድጃዎች የካቢኔቱን እንጨት የሚያቀዘቅዝ ማራገቢያ በኤሌክትሪክ ስለሚያዞሩ ያለ መብራት አይሠሩም፤ ወይም እንዲሠሩ አይፈቀድም። ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይጠይቁ።

አናጢው መጣ። ብልህ ሰው ነው፤ ነገር ግን ምድጃውን እንደ ቴሌቪዥን ግጥም አድርጎ በቺፑድ ሊያሽገው አሰበ። የተለመደው ካቢኔት ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ችግሩ ስፋቱ ላይ አይደለም። ከኋላና ከሥር አየር የሚገባበትና ሙቀቱ የሚወጣበት ክፍት ቦታ መተው አለበት። እንደዚያ ካልሆነ ቺፑዱ ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ይጠቁራል፤ አንድ ቀንም ይያያዛል። ማስዋቢያ በር ከፊቱ መግጠምም ፈጽሞ አይሆንም። ሲሊንደሩን በምድጃው ሥር ባለው ክፍት ቦታ እናስገባው የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። እዚያ ላይ ጎረቤቴ ራሳቸው «እሳት ሥር እሳት?» ብለው ከለከሉ።

ሲሊንደር የሚሻለው ከቤት ውጭ፣ ፀሐይና ዝናብ በማያገኘው፣ አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ሥር በብረት ፍርግርግ ተቆልፎ ቢቀመጥ ነው። ቦታ ከሌለና ከውስጥ መሆኑ ግድ ከሆነ ደግሞ ከምድጃው ራቅ ባለ የራሱ ካቢኔት፣ ከወለሉ አጠገብ ቀዳዳ በተበጀለት ይቁም። ቀዳዳው ከላይ ቢሆን ጥቅም የለውም፤ ጋዙ ወደ ታች እንደሚተኛ ከላይ ብለናል። መዝጊያው በቀላሉ የሚደረስበት መሆን አለበት። የመርካቶ ቤቶች ጠባብ ስለሆኑ፣ ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኝታ እየሆኑ፣ ሲሊንደሩ በጆንያና በካርቶን ተሸፍኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በጭንቅ ሰዓት ያንን ሁሉ ማን ያነሣል?

ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ይቆማል እንጂ አይጋደምም። ሊያልቅ ሲል አጋድሞ ማናወጥና ሙቅ ውኃ ማፍሰስ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ሲጋደም ግን የሚወጣው አየሩ ሳይሆን ፈሳሹ ነውና ነበልባሉ በድንገት ይገነፍላል። መጠኑን ማወቅ ለሚፈልግ ሚዛን ይበቃል። ባዶ ክብደቱ በራሱ በሲሊንደሩ አንገት ላይ ታትሟል። ስለዚህ ሲሞሉ አስመዝነው ይቀንሱለት፤ ገንዘብዎም አይጎድልም።

ጎማውን በሚመለከት ትንሽ ልቆይበት፤ አብዛኛው መዘዝ የሚመጣው ከዚህ ነውና። የውኃ ጎማ ለጋዝ አይሆንም። ጋዙ ጎማውን ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ለጋዝ ተብሎ የተሠራው በላዩ ላይ ዓመተ ምሕረት ታትሞበታል። ያ ዓመት ሲደርስ ጎማው አዲስ ቢመስልም ይቀየር። ከአንድ ሜትር ተኩል ባይረዝም፣ በምድጃው የጋለ ጀርባ በኩል ባያልፍ፣ በሁለቱም ጫፍ በማጥበቂያ ቀለበት ቢታሰር መልካም ነው። በሽቦ ማሰር ጎማውን ይቆርጠዋል። የግፊት መቀነሻውም (ብዙዎች ሬጉሌተር የሚሉት) ምድጃው ላይ ከተጻፈው ግፊት ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ለቡቴን አብዛኛውን ጊዜ ከ28 እስከ 30 ሚሊባር ነው።

ሥራው ሲያልቅ ገጣሚው ክብሪት ከኪሱ አወጣ፤ መሹለክ አለመሹለኩን ሊፈትሽ! እጁን ያዝሁት። ሳሙና በውኃ በጥብጠን በስፖንጅ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ቀባን። ምድጃው ጋ ደህና ነበር። ሲሊንደሩ ጋ ስንደርስ ግን አረፋው እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ቀስ እያለ ያብጥ ጀመር። በመቀነሻው ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት ተሰንጥቃ ኖሯል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ከጥቂት ብር የማትበልጥ ዕቃ ናት። ክብሪቱ ቢጫር ኖሮ ግን ምን ይከተል እንደነበር ለማሰብ እንኳ ያስፈራል። ቀለበቷ ተለወጠች፤ አረፋውም ቆመ። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ይኸው ፈተና ይደገም።

አለኳኮሱ ቀላል ነው። የኦቨኑን በር ወለል አድርጎ መክፈት፣ ክብሪቱን አስቀድሞ መጫር፣ ከዚያ ቁልፉን መክፈት። እምቢ ካለ ዘግቶ፣ በሩን እንደከፈቱ አምስት ደቂቃ ያህል መቆየት። ነበልባሉ ሰማያዊና የተረጋጋ ይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በዝቅተኛ አገር ተስተካክሎ የመጣ ምድጃ እዚህ ሲደርስ ጫፉ ቢጫ የሚሆነው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነውና የአየር መግቢያውን ባለሙያ እንዲያሰፋ ይጠይቁ። ድስትዎ ጥላሸት መያዝ ከጀመረ አጥቦ ዝም ማለት አይበቃም። በኦቨን ቤት ማሞቅ፣ በሩ ላይ የልጅ ልብስ ማድረቅ፣ ወለሉን በፎይል መሸፈን አይገባም። ሌሊት በተዘጋ ቤት ከሰል ተትቶ ሰው እንደሚሞት ሁላችንም ሰምተናል፤ አየር ያጠረው ጋዝም የሚያወጣው ያንኑ መርዝ ነው።

ሌላው የኛው የራሳችን ጉዳይ ቡና ነው። ረከቦቱ የሚዘረጋው፣ ከሰሉ የሚራገበው፣ እጣኑም የሚጨሰው ብዙ ጊዜ ሲሊንደሩ ካለበት ጥግ አጠገብ ነው። የከሰሉ ምድጃ የሚቀመጠው መሬት ላይ፣ ጋዙም የሚተኛው መሬት ላይ ነው። ቡናውን ወደ በረንዳ ቢያወጡት ጎረቤትም ለመጥራት ይመቻል።

ጋዝ ከሸተተዎ መብራት አያብሩ፤ የበራውንም አያጥፉ፤ ብልጭታ የሚፈጠረው በሁለቱም ጊዜ ነው። የሲሊንደሩን መዝጊያ ወደ ቀኝ አዙረው ይዝጉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ልጆቹን ይዘው ይውጡ። ስልክም ከደጅ ሆነው ይደውሉ። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ቁጥር 939 ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማምሻውን በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን ቃጠሎ ያየ ሰው፣ በተጣበቁ ሱቆች መካከል እሳት እንዴት እንደሚሮጥ አይረሳውም። ያ እሳት ከጋዝ ተነሣ ማለቴ አይደለም። በእንዲህ ያለ ሰፈር ግን የአንድ ማድ ቤት እሳት የአንድ ቤት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሰው ከተቃጠለ ቁስሉን በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ያቆዩት። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባ። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ፣ ፊት ወይም እጅ ላይ ከሆነ፣ ወይም የተጎዳው ሕፃን ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። የካቲት 12 ሆስፒታል ለቃጠሎ የተለየ የሕክምና ክፍል አለው።

የጎረቤቴ የመጀመሪያው ድፎ ከሥሩ አሮ፣ ከላዩ ገርጥቶ ወጣ። በከሰል የለመደ እጅ የኦቨኑን ሙቀት ገና አልመጠነውም ነበርና። ልጆቹ የላይ የላዩን እየቆረሱ በሉት። በሦስተኛው ቀን ግን ከኮባው የወጣው ዳቦ ለሻይ ቤቱ ተረከበ። ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው ጎን፣ ትልቋ ልጃቸው የጎማውን መቀየሪያ ዓመት በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ ለጥፋለች።