የተጎዳ ፖሊስና የጡረታ ቦርድ፦ ተረትና እውነታ

በአሜሪካዋ የኢሊኖይ ግዛት በግዳጅ ላይ የተጎዳ ፖሊስ ሐኪም «መሥራት አይችልም» ካለለት ጡረታው ያለቀለት ጉዳይ ነው የሚል እምነት አለ። ሐኪም ግን ይመሰክራል እንጂ አይወስንም። ከቺካጎ ውጪ ባሉ ከተሞች ውሳኔው የአምስት አባላት ቦርድ ነው፤ ሁለቱን ከንቲባው ይሾማል፣ ሁለቱን በሥራ ላይ ያሉ ፖሊሶች፣ አንዱን ጡረተኞች ይመርጣሉ። አመልካቹን የሚመረምሩትን ሦስት ሐኪሞች የሚመርጠውም ይኸው ቦርድ ነው። ጉዳቱ በግዳጅ ላይ የደረሰ ከሆነ የደመወዙ 65 በመቶ፣ ካልሆነ ግን 50 በመቶ ይከፈላል፤ ልዩነቱ ለአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው። በተቃራኒው ከሦስቱ ሐኪሞች አንዱ ካልተስማማ ማመልከቻው ወድቋል የሚሉም አሉ። ይህም ስህተት ነው፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 በሰሜን ቺካጎ ከተማ ፖሊስ ጉዳይ ሕጉ የሦስቱን ሙሉ ስምምነት አይጠይቅም ብሎ የቦርዱን ክልከላ ሽሯል።

ከሁሉም የሚጎዳው ግን «ቦርዱ ቢከለክለኝ ፍርድ ቤት አለልኝ» የሚለው መጽናኛ ነው። ፍርድ ቤት በእርግጥ አለ፤ አቤቱታው ውሳኔው በደረሰ በ35 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ አዲስ ማስረጃ አይቀበልም፤ ቦርዱ በፍሬ ነገር የደረሰበትንም ከመነሻው እንደ ትክክል ይወስደዋል። በቦርዱ ፊት ያልቀረበ የኤምአርአይ ውጤት ወይም ያልተጠራ የዓይን ምስክር ዳኛው ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ የመሰማት መብት የሚጸናውም የሚከሽፈውም በዚያ ቦርድ ስብሰባ ላይ ነው፤ አመልካቹ በቃል መሰማት ያለበትም እዚያው ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሳል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በኤልድሪጅ ጉዳይ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ የአካል ጉዳት ክፍያ አስቀድሞ የቃል ክርክር ሳይሰማ ሊቋረጥ ይችላል፣ ሙሉው ክርክር በኋላ ከተሰማ ይበቃል ብሏል። አንዱ ምክንያቱ ውሳኔው በአብዛኛው በሐኪሞች የጽሑፍ ሪፖርት ላይ የሚቆም መሆኑ ነው። እንግዲያው ለፖሊስ ለምን የቃል ክርክር ያስፈልጋል? ያው ፍርድ ቤት ያስቀመጠው ሚዛን የግለሰቡን ጥቅም፣ የስህተትን አደጋና የመንግሥትን ሸክም ያነጻጽራል፤ መልሱም ከዚሁ ይገኛል። የፖሊሱ ጥያቄ «ጉልበቱ ተጎድቷል ወይ?» ብቻ አይደለም፤ የት፣ እንዴትና ምን እየሠራ ሳለ ተጎዳ የሚለውም ነው። ይህን ሪፖርት አይመልሰውም፤ ሰው ቀርቦ መናገርና መጠየቅ አለበት። መርማሪዎቹን የመረጠው ራሱ ወሳኙ በሆነበት ደግሞ ሐኪሙን በመስቀለኛ ጥያቄ መፈተን የስህተትን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ የቃል ክርክር የግብር ከፋዩን ገንዘብ ያባክናል የሚለው ስጋት መሠረተ ቢስ ባይሆንም፣ መስቀለኛው ጥያቄ ለሁለቱም ወገን እንደሚሠራ ይዘነጋል። ጉዳቱን አጋኖ የመጣ አመልካች ያው የምስክር ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቃሉን ሰጥቶ ይጠየቃል።