እንደ ጠላ እቤት የተጠመቀ ኮምፒውተር

ስቲቭ ዎዝኒያክ ወደዚያ ጋራዥ የሄደው ተሳስቶ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1975 ረቡዕ ማታ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው የጎርደን ፍሬንች ቤት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ 32 ሰዎች ተሰበሰቡ። ዎዝኒያክ ያኔ ሂውሌት ፓካርድ ውስጥ የካልኩሌተር መሐንዲስ ነበር። ጓደኛው የነገረው በቴሌቪዥን ላይ ጽሑፍ የሚያሳዩ መሣሪያዎችን የሚሠሩ ሰዎች እንደሚገናኙ ነው፤ እሱም አንዱን ሠርቶ ነበር። ሲደርስ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ማይክሮፕሮሰሰር ሆነበት፤ ባይተዋርነት ተሰማው። ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ድርሽ አልልም ነበር የሚል ነገር ኋላ ተናግሯል።

ጥሪውን የበተኑት ፍሬንችና የሰላም ተሟጋቹ ፍሬድ ሙር ናቸው። ኮምፒውተር ለሚሠራም፣ የቴሌቪዥን ጽሕፈት መሣሪያ ለሚሠራም፣ ሌላ ዲጂታል ነገር ለሚነካካም በሩን ከፍተውት ነበር። ጥሪው ጠበብ ብሎ ቢሆን ዎዝኒያክ ያን ማታ ከቤቱ ባልወጣ።

ማኅበሩ ሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ ተባለ። ሆምብሩ እንግዲህ እንደኛ ጠላ እቤት የተጠመቀ ማለት ነው። የዚያ ምሽት መነጋገሪያ አልቴር 8800 ነበር፤ ሚትስ የተባለ የኒው ሜክሲኮ ድርጅት ሳይገጣጠም 400 ዶላር ገደማ የሚሸጠው ኮምፒውተር። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው። ገዢው ራሱ በይዶ ይገጣጥመዋል፤ ከዚያ ፊቱ ላይ የተደረደሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ወደ ላይና ወደ ታች እያደረገ ትእዛዙን ያስገባል፤ መልሱን ብልጭ ድርግም ከሚሉ ትናንሽ መብራቶች ያነባል። ሜሞሪው 256 ባይት ብቻ ነው፤ ይህን አንቀጽ እንኳ አይዝም። ምን ይሠራል ሲባል አንዱ ቤት ማሞቂያ ይቆጣጠራል፣ ሌላው አትክልት ያጠጣል፣ ሌላው ጨዋታ ይሆናል እያለ ገመተ። በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ጋራዡ ጠበበ። በኋላ ስብሰባው በመቶዎች እየተቆጠረ በስታንፎርድ የአቶሚክ ቅንጣቶች ምርምር ማዕከል አዳራሽ ይካሄድ ጀመር፤ የክለቡ አባል ሊ ፌልዘንስታይን ዱላ ይዞ ይመራዋል። መጀመሪያ ሰዉ በየተራ እየተነሣ ያለኝ ይህ ነው፣ የቸገረኝ ያ ነው፣ የሰማሁት ወሬ ይኸውና ይላል። ቀጥሎ ራንደም አክሰስ የሚሉት ሰዓት ይመጣል፦ ሁሉም ተነሥቶ የሚፈልገውን ሰው ፍለጋ ይበታተናል። ቺፕ የሚለዋወጥ አለ፣ ጥግ ይዞ የሚከራከር አለ። ለእኔ የክለቡ ጉልበት እዚህ ላይ ነበር። አጀንዳ የሌለው ሰዓት ለብዙ ሰብሳቢ ጊዜ ማባከን ይመስላል።

ስቲቭ ዶምፒየር የሚባል አባል አልቴሩን እያሠራ የአየር ሁኔታ ለመስማት ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ኮምፒውተሩ በሠራ ቁጥር ሬዲዮው ይንጫጫል። ሌላ ሰው ቢሆን ሬዲዮውን ይዘጋ ነበር፤ እሱ ግን የትኛው ትእዛዝ የትኛውን ድምፅ እንደሚሰጥ ይለካ ጀመር። በሚያዝያው ስብሰባ አልቴሩን ወለል ላይ አስቀምጦ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሲነካካ ቆየ፤ መሃል ላይ ኤሌክትሪኩ ተቋርጦበት ከዜሮ ጀመረ። በመጨረሻ አጠገቡ ካለው ሬዲዮ የቢትልስ ዜማ ወጣ። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። የኮምፒውተርና የሬዲዮ ነገር በየክፍሉ ተለይቶ ቢወራ ኖሮ ይህ በየትኛው ይቀርብ ነበር?

ልቅነቱ ጣጣም ነበረው። ለአልቴር የተጻፈው የቤሲክ ፕሮግራም በተበሳሳ የወረቀት ጥቅል ላይ እየተባዛ በነጻ ሲታደል፣ ከጸሐፊዎቹ አንዱ የነበረው የ20 ዓመቱ ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1976 መጀመሪያ የምትሰርቁኝ እናንተ ናችሁ የሚል ግልጽ ደብዳቤ ለሆቢ ሠሪዎች ጻፈ። ልፋቱ ዋጋ ይገባዋል ማለቱ አያስወቅሰውም፤ ነገር ግን ፕሮግራሙን ያን ያህል ያስፋፋው ያው ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ነው።

ዎዝኒያክስ? ከመጀመሪያው ስብሰባ የአንድ ማይክሮፕሮሰሰር መግለጫ ወረቀት ይዞ ቤቱ ገባ፤ እያነበበ ሳለ ቀድሞ በሠራው የቴሌቪዥን መሣሪያ ላይ ማይክሮፕሮሰሰሩን ቢጨምርበት ሙሉ ኮምፒውተር እንደሚወጣው ገባው። በኋላ አፕል 1 ተብሎ 666.66 ዶላር የተሸጠው ያ ነው። አዳራሹ ውስጥ ግን እጁን አውጥቶ መናገር ያፍር ነበር። የመናገሪያው ተራ እስኪያልፍ ይጠብቅና ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ሰዉ መጥቶ ይከበዋል፣ ይጠይቀዋል፤ እሱም የሰርኪዩቱን ንድፍ ለፈለገ ሁሉ በነጻ ያድላል።