የእንቁላል ማፍሪያና የወር አበባ

በማስተማሪያ ጣቢያችን ትምህርቱ አልቆ ሰው ሲበተን አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀሩ። ጥያቄያቸውን ለእኛ ለወንዶቹ ሳይሆን አብራን ላለችው ሴት ዘማች በጆሮዋ ነገሯት። ከወራት በፊት ሆዳቸውን በአንድ ጎን አጥብቆ ይዟቸው፣ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገብተው ነበር። ፅንሱ ማኅፀን ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ቱቦውን ስለ ቀደደው፣ ሐኪሞቹ የግራውን ቱቦ ከነእንቁላል ማፍሪያው አወጡት። ሕይወታቸው ተረፈ። ቤት ሲመለሱ ግን ጎረቤት «ማኅፀኗ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ መካን ናት» እያለ አወራ። የባላቸው ዘመዶችም ሌላ ሚስት መፈለግ ጀመሩ። ፈቅደውልናልና መልሳችንን እዚህ ጻፍነው።

ከማኅፀን ግራና ቀኝ ሁለት ቱቦዎች አሉ፤ የእያንዳንዳቸው ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በቱቦዎቹ ጫፍ አጠገብ ሐኪሞች ኦቫሪ የሚሏቸው ሁለት የእንቁላል ማፍሪያዎች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ያልተፈለፈለ ለውዝ ያህላል። ብዙውን ጊዜ በወር አንድ እንቁላል ከአንዱ ማፍሪያ ይወጣና ቱቦው ይቀበለዋል። ከወንድ ዘር ጋር የሚገናኘውም እዚያው ቱቦ ውስጥ ነው።

ማፍሪያው ሌላም ሥራ አለው። ሆርሞን የሚባል ነገር ወደ ደም ይለቃል። በዚህ ትእዛዝ የማኅፀን የውስጥ ሽፋን ይወፍራል፤ ፅንስ ካልመጣ ይፈርስና የወር አበባ ሆኖ ይፈሳል። ደሙ ከማኅፀን፣ ትእዛዙ ከማፍሪያው ነው ማለት ነው። ቱቦውማ በዚህ የለበትም፤ መንገድ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንድ ቱቦና አንድ ማፍሪያ ቢወጡ የቀሩት ጤነኛ እስከ ሆኑ ድረስ የወር አበባ ይቀጥላል፤ መውለድም ይቻላል። እኚህ እናትም የወር አበባቸው ተመልሶ ነበር፤ ጎረቤት ግን ይህን አልጠየቀም።

ሁለቱም ቱቦዎች ቢወጡስ? አበባው አይቀርም፤ የመገናኛው መንገድ ግን ይዘጋል። እንግሊዛዊቷ ሌስሊ ብራውን ቱቦዎቻቸው ተዘግተው ሳለ፣ ሐኪሞች እንቁላላቸውን ወስደው ከባላቸው ዘር ጋር በብርጭቆ ዕቃ ካገናኙ በኋላ ወደ ማኅፀን መለሱት። ልጃቸው ሉዊዝ በሐምሌ 1970 ዓ.ም. ተወለደች። በአገራችንም በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለዚህ የሚሆን ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ከፍቷል። ለገጠር ሰው ሩቅ ነው፤ ግን አለ።

ሁለቱም ማፍሪያዎች ሲወጡ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ሴትዮዋ ወጣት ብትሆንም አበባዋ ወዲያው ይቆማል። ሙቀት ድንገት ሽው ይልባታል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ እንቅልፍ ታጣለች፤ እያደርም አጥንቷ ይሳሳል። ሐኪም የሚያዝዘው የሆርሞን መድኃኒት ለብዙዎች ይህን ያቃልላል።

ለእናቲቱ አንድ ማሳሰቢያ ጨመርን። በቱቦ ውስጥ ያረገዘች ሴት ዳግመኛ ሊደርስባት ይችላል። ስለዚህ አበባ ሲቀር ቶሎ ጤና ጣቢያ መታየት፤ የጎን ሕመምና ማዞር ከመጣ ደግሞ አንድ ሌሊትም ማሳደር የለም።

ባላቸው በማግስቱ መጡ። «ሁሉን ሰማሁ፤ ግን የወጣው የወንዱ ልጅ በኩል እንደሆነስ?» አሉን። ለወንድና ለሴት የተለየ ጎን የለም፤ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚወስነው የአባት ዘር ነው ብለን ነገርናቸው። ለአፍታ ዝም ብለው፣ «እንግዲያው ነገሩ ወደኔ ዞረ በሉኛ!» አሉና ሳቁ።