«ከስቷል» የምትሉት ውሻ

ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ፣ በደሳ ልንደርስ ስንል፣ ማሽላ መካከል ከቆመ ማማ ሥር አንድ ውሻ አየን። እግሩ ረዘም፣ ወገቡ ሰብሰብ፣ አፉ ሾጠጥ ያለ ነው። አብሮኝ የነበረው ወጣት «ምስኪን፣ አያበሉትም እንዴ?» አለ። ማማው ላይ ወንጭፍ ይዘው የተቀመጡት ሽማግሌ ሰሙት። «ልጄ፣ ጠግቦ ነው የቆመው። ሲጠግብም እንዲሁ ነው» አሉት።

ሽማግሌው ልክ ናቸው። ይህ ውሻ የዘር መዝገብ የለውም። አካሉ ግን በዓይናቸው ከሚያድኑት ከአረቦች ሳሉኪና ከእንግሊዞች ግሬይሃውንድ ጋር ይመሳሰላል። ውሻ ሁሉ በአፍንጫው ብቻ ያድናል ማለት ስህተት ነው። አፉ የረዘመ ውሻ ዓይኑ ወደ ጎን ስለሚያዘነብል ሰፊ ሜዳ ይቃኛል። የቆመውን ነገር አጥርቶ ባያይ እንኳ የሚንቀሳቀሰው አያመልጠውም። ዝንጀሮ ከማሽላው ዳር ብቅ ሲል ከሰው ቀድሞ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ስለ ክሳቱ ግን ረጋ ብዬ ልናገር፤ በየመንደሩ ስሰማው የሚያንገበግበኝ እሱ ነውና። ደረቱ የጠለቀው ልብና ሳምባው ሰፊ ቦታ ስለሚፈልጉ ነው። ሆዱ ወደ ላይ የተሰበሰበው ደግሞ ሲሮጥ ጀርባው እንደ ቀስት እየታጠፈ እንዲዘረጋ ነው። ግሬይሃውንድ ሲጋልብ በአንድ እርምጃ ውስጥ አራቱም እግሮቹ ሁለት ጊዜ መሬት ይለቃሉ፤ አንዴ ሰውነቱ ሲዘረጋ፣ አንዴ እግሮቹ ከሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ። አቦ ሸማኔም የሚሮጠው እንዲሁ ነው። በዚህ ሩጫ ግሬይሃውንድ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እንዲህ ያለውን ውሻ በግድ ማወፈር መገጣጠሚያውን መጉዳት ነው።

ታዲያ የተራበው በምን ይለያል? በዓይን ሳይሆን በእጅ። ጎኑን በመዳፍ ዳሰስ ያድርጉት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት የጎድን አጥንቶች ቢታዩም ጭኑ በጡንቻ ሞልቶ ከጠነከረ ጤነኛ ነው። የጀርባ አጥንቱ እንደ መጋዝ ከሾለ፣ ዳሌው ከወጣና ጭኑ ከሟሸሸ ግን ተርቧል ወይም ታሟል። ቡችላ ሆኖ ሆዱ ብቻ ከተነፋ ደግሞ ትል ይጠርጠሩ።

አያያዙ ብዙ አያስቸግርም። ስቡ ጥቂት ስለሆነ የጭሮ ደጋ ሌሊት ይበርደዋል፤ አጥንቱም ደረቅ መሬት ላይ ይቆስላል፤ ለመኝታ አንድ ጆንያ ይበቃዋል። ቆዳው ስስ ስለሆነ እሾህ ቶሎ ይቀደዋል። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገው ለእንስሳት ሐኪሙ ይንገሩት፤ ግሬይሃውንድን የመሰሉ ውሾች ከአንዳንድ ማደንዘዣ ቶሎ አይነቁም።

ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ አስራችሁ ማታ «ሰነፍ ሆነ» የምትሉ፣ ኃይለኛ ይሆናል ብላችሁ ጆሮውን የምትቆርጡ፣ እባካችሁ ተዉት። ጆሮ መቁረጥ ሕመም እንጂ ጀግንነት አያመጣም። ውሻ መያዝን በሃይማኖት ሰበብ የሚነቅፍም አጋጥሞኛል። ቁርኣን ግን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ 4ኛ አንቀጽ የሰለጠነ አዳኝ እንስሳ የያዘውን መብላት ፈቅዷል፤ ሐዲስም ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ የሚያዘውን ውሻ ለይቶ ያነሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን አያስተርፍም። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ውሻችሁንም 3 ወር ሲሞላው አስከትቡት፤ ከዚያም በየዓመቱ አሳድሱለት።