ሙቀጫው አፋፍ ላይ ሠርግ አለ

የጥሪ ካርዱ ላይ «ሚጽፔ ራሞን» የሚለውን አይታችሁ «ደግሞ ኔጌቭ በረሃ መሀል ምን ሊሠራ?» ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ቆይ ላስረዳችሁ። ሠርጉ ሐሙስ ማታ ከሆነ ረቡዕ ማታ ግቡ። አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልጋችኋል፤ ያውም ለአንድ ጉድጓድ!

ጉድጓዱ ማኽቴሽ ራሞን ይባላል። ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ጥልቀቱ 500 ሜትር ይደርሳል። የሚጽፔ ራሞን ከተማ ከባሕር ወለል ከ800 ሜትር በላይ፣ ልክ አፋፉ ላይ ተቀምጣለች። ያየው ሁሉ «ተወርዋሪ ኮከብ ወድቆበት ነው» ወይም «የእሳተ ገሞራ አፍ ነው» ይላል። ሁለቱም አይደለም። ፍንጩ ስሙ ውስጥ አለ፦ ማኽቴሽ በዕብራይስጥ ሙቀጫ ማለት ነው። እናቶቻችን ቡና የሚወቅጡበት ያው ሙቀጫ!

ታዲያ ዘነዘናው ምንድን ነው? ውሃ! ድፎ ዳቦ አስቡ፤ ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ። እዚህም ምድር ተገፍታ እንደ ድፎ ጉብ አለች። ከላይ ጠንካራ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ቶሎ የሚፈረፈር የአሸዋ ድንጋይ ነበር። በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ቅርፊቱ አናቱ ላይ ተበላ። ውሃ ገብቶ ለስላሳውን ቦረቦረና ፍርፋሪውን ጠርጎ አወጣው። አሁን አፋፉ ላይ ቆማችሁ የምትረግጡት የቀረውን ቅርፊት ነው።

በማለዳ በዚሁ አፋፍ ላይ በእግር ሂዱ። ቀንዳቸው ወደ ኋላ የቆለመመ የዱር ፍየሎች በሰው ቤት ደጃፍ ሲግጡ ካያችሁ አትደንግጡ። የኑብያ አይቤክስ ይባላሉ፤ የስሜኑ ዋልያችን የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ፎቶ አንሷቸው እንጂ ዳቦ አትስጧቸው።

ፀሐይ ሳትበረታ በ40 ቁጥር መንገድ ወደ ጉድጓዱ ውረዱ። ሃሚንሳራ፣ ማለትም «የአናጺው ቤት»፣ እንዳያመልጣችሁ። ኮረብታው ላይ በመጋዝ የተቆረጠ የሚመስል እንጨት ተከምሯል፤ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ድንጋይ ነው! ከምድር ሥር የመጣ ቅልጥ አለት የአሸዋ ድንጋዩን አግሎት፣ ሲቀዘቅዝ ማዕዘን ማዕዘን እያወጣ የተሰነጠቀ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለሉ የጥንት የባሕር እንስሳት ቅሪት ያለበት ግድግዳ አለ። አዎ፣ ይህ በረሃ ባሕር ነበር።

ከምሳ በኋላ መኪና ያላችሁ ወደ ሰሜን፣ ወደ አቭዳት ሂዱ። ናባታውያን የሚባሉ ነጋዴዎች ከደቡብ ዓረቢያ ዕጣንና ከርቤ በግመል ጭነው ወደ ጋዛ ወደብ ሲያልፉ የሚያርፉባት ከተማ ነበረች። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 የዕጣን መንገድ ብሎ ከመዘገባቸው የኔጌቭ ከተሞች አንዷ ናት። ቡና ሲፈላ ዕጣን ለምታጨሱ ሰዎች ሩቅ ታሪክ አይደለም።

ማታ ጭፈራው ሲደክማችሁ ከመብራቱ ራቅ በሉና ቀና በሉ። ማኽቴሹ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሏል፤ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ፍኖተ ሐሊብ በዓይን ይታያል። ነጠላ ብቻ ይዛችሁ ግን እንዳትመጡ! የበረሃ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ጋቢ ያዙ።

ሁለት ነገር አደራ። የዝናብ ወቅት ከሆነ፣ ሰማዩ ርቆ ቢጠቁር እንኳ ሸለቆ ውስጥ አትግቡ፤ ጎርፉ ዝናብ ወዳልዘነበበት ቦታም ይደርሳል። ደግሞ አርብ ከሰዓት በኋላ ሰንበት ስለሚገባ አውቶቡሱም ሱቁም ይቆማል፤ ጠዋቱን ተነሡ።

ቤታችሁ ገብታችሁ ጫማችሁን ስታራግፉ አሸዋ ቢወጣ አትናደዱ። የዚያ ድፎ ፍርፋሪ ነው።