ጠመንጃ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ይቻላል? በአሜሪካ አዎ፣ ግን በየትኛው ሻንጣ?

በ2024 ብቻ በአሜሪካ ኤርፖርቶች የመንገደኞች ፍተሻ ላይ 6,678 የጦር መሣሪያዎች ተይዘዋል። በቀን 18 ገደማ ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ 94 በመቶ የሚሆኑት ጥይት ነበራቸው። ቁጥሩን ያወጣው የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ቲኤስኤ ነው። አንደኛ የወጣው ደግሞ እንደተለመደው የአትላንታ ኤርፖርት ነው፣ 440 መሣሪያ።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። በዚያው አትላንታ፣ ከፍተሻው በፊት ባለው የአየር መንገድ ካውንተር፣ አንድ አዳኝ የአጋዘን ማደኛ ጠመንጃውን አስረክቦ፣ ቦርዲንግ ፓሱን ተቀብሎ፣ ቡናውን እየጠጣ ወደ በረራው ይሄዳል። ማንም አይከለክለውም። ሁለቱም ሰዎች መሣሪያ ይዘዋል። አንዱ ፖሊስ ከቦ ያነጋግረዋል፣ ሌላው ደግሞ መልካም ጉዞ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ሕግ የሚጨነቀው አውሮፕላኑ ላይ መሣሪያ መኖሩ ላይ ሳይሆን፣ በበረራ ሰዓት የሰው እጅ ይደርስበታል ወይ የሚለው ላይ ነው። ከሆዱ ሥር ወደተጫነ ሻንጣ በአየር ላይ ማንም መሄድ አይችልም። የእጅ ሻንጣ ግን ጭንቅላታችሁ በላይ ነው ያለው። ስለዚህ በእጅ ሻንጣ ፈጽሞ አይቻልም፣ በሚጫን ሻንጣ ግን በሥርዓቱ ከሆነ ይቻላል።

ሥርዓቱ ምንድነው? መሣሪያው ጥይት ያልጎረሰ መሆን አለበት። በጠንካራ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ጨርቅ ቦርሳ አይሆንም። ሳጥኑ ይቆለፋል፣ የተቆለፈውም በትክክል መሆን አለበት። ጠርዙን ይዘው ሲስቡት ክፍተት የሚፈጥርና እጅ የሚያስገባ ከሆነ አይቀበሉትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጠመንጃው ሲገዛ አብሮት የመጣው ፕላስቲክ ሳጥን ይበቃል ብሎ ያስባል። ሁልጊዜ አይበቃም። ቁልፉ ደግሞ የሚቆየው ከባለቤቱ ጋር ብቻ ነው። ፈታሾች መክፈት ከፈለጉ ባለቤቱን ይጠሩታል። ለዚህ ነው ሻንጣ ካስረከቡ በኋላ ጥቂት ደቂቃ እዚያው አካባቢ መቆየት የሚመከረው።

ከዚያ ዋናው ነገር አለ፦ ማሳወቅ። ካውንተር ላይ ቀርቦ፣ በእያንዳንዱ ጉዞ፣ ሻንጣው ውስጥ መሣሪያ እንዳለ መናገር ግዴታ ነው። በማሽን ቼክ ኢን አድርጎ ሻንጣ ጥሎ መሄድ የለም። አነጋገሩም ራሱ ጥበብ ይፈልጋል። ሰው በተሰለፈበት «ሽጉጥ ይዣለሁ!» ብሎ መጮህ ምን እንደሚያመጣ መገመት አያቅትም። ልምድ ያላቸው አዳኞች ረጋ ብለው «ጥይት የሌለው መሣሪያ ማስመዝገብ እፈልጋለሁ» ነው የሚሉት። ሠራተኛዋ የምትፈረም ካርድ ትሰጣቸዋለች፣ አለቀ። በነገራችን ላይ ሻንጣው ላይ ከውጭ «መሣሪያ አለበት» የሚል ምልክት መለጠፍ ለአየር መንገዱ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ለሌባ አድራሻ መስጠት ነው የሚሆነው።

ከዚሁ ጋር የምትስቁበት ነገር ልንገራችሁ። ውድ ካሜራ ይዘው የሚጓዙ አንዳንድ ፎቶግራፈሮች፣ ሩጫ ማስጀመሪያ ሽጉጥ ገዝተው ከካሜራው ጋር ሳጥን ውስጥ ያስገቡ ነበር። ለምን? ቲኤስኤ ያቺን ማስጀመሪያ ሽጉጥ እንደ ጦር መሣሪያ ስለሚያያት፣ ሳጥኑን ቁልፉ በእጃቸው ባለ ጠንካራ ቁልፍ መቆለፍ ይችላሉ። ካሜራቸውን በሽጉጥ ሕግ አስጠበቁ ማለት ነው።

ጥይቱስ? እሱም በእጅ ሻንጣ ክልክል ነው፣ በሚጫን ሻንጣ ግን ለጥይት በተሠራ ካርቶን፣ እንጨት፣ ፕላስቲክ ወይም ብረት ማሸጊያ ይሄዳል። ሻንጣ ውስጥ በትኖ መጣል አይቻልም። አየር መንገዶች በአብዛኛው 5 ኪሎ ድረስ ይፈቅዳሉ። እዚህ ጋ «ጥይት ተፈቅዶ የላይተር ነገር ለምን ያስጨንቃል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። መልሱ አሪፍ ነው። የታሸገ ጥይት ከጠመንጃ አፈሙዝ ውጭ ቢፈነዳ፣ ባሩዱን አፍኖ እርሳሱን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚገፋለት ነገር ስለሌለ ጉልበቱ ይበተናል፤ ጉዳቱ ማሸጊያው ውስጥ ይቀራል ተብሎ ነው በዓለም አቀፍ አመዳደብ የሚታየው። ልቅ ባሩድ ግን ሌላ ነው፣ እሳት ካገኘ በአንዴ ነው የሚነደው። ስለዚህ ልቅ ባሩድ በእጅም ሆነ በሚጫን ሻንጣ፣ በምንም መንገድ አይፈቀድም። በተቃራኒው የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ብቻውን ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይገባል።

ሥርዓቱን ያልጠበቀ ምን ይደርስበታል? ፍተሻ ላይ መሣሪያ የተገኘበት ሰው ከቲኤስኤ የሚጣልበት ቅጣት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ፕሪቼክ የሚባለው ፈጣን የፍተሻ አገልግሎት ካለው ለ5 ዓመት ያጣዋል። መታሰር አለመታሰሩን የሚወስነው ግን የአካባቢው ፖሊስና የስቴቱ ሕግ ነው። «ረስቼው ነው» የሚለው መልስ በብዛት የሚሰማ ነው፣ ቅጣቱን ግን አያስቀርም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሁሉንም በሥርዓቱ አድርጎም መታሰር መኖሩ ነው። በ2005 አንድ የዩታ ነዋሪ ሽጉጡን ቆልፎና አስመዝግቦ ወደ ፔንሲልቬንያ ይበር ነበር። መንገድ ላይ ኒው ጀርሲ፣ ኒውአርክ ኤርፖርት ላይ ቀጣዩ ጉዞ አመለጠው። ሻንጣውን ተቀብሎ እዚያው ሆቴል አደረ። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ካውንተር ሄዶ፣ እንደ ሕጉ፣ «ሽጉጥ አለኝ» ብሎ አስመዘገበ። ፖሊስ መጣና አሰረው። የኒው ጀርሲ ፈቃድ አልነበረውም ነበር ጉዳዩ።

ሰውየው ከሰሰ። በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ ከስቴት ወደ ስቴት መሣሪያ ይዞ የሚያልፍን መንገደኛ ይጠብቃል፣ እሱም የተማመነው በዚያ ነው። በ2010 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን ፈረደበት። ሕጉ የሚጠብቀው መሣሪያው በቀላሉ እጅ ካልደረሰበት ነው፤ አንተ ደግሞ ሆቴል ክፍልህ ውስጥ ከሻንጣህ ጋር አድረሃል አለው። ዳኞቹ ነገሩ ከባድ እንደሆነ አልካዱም፤ እንደሱ የቀሩ ሰዎች ሻንጣውን ከመቀበላቸው በፊት ወደ ኤርፖርቱ ፖሊስ ወይም ሠራተኞች መሄድ ይችላሉ ብለዋል። እውነት ለመናገር ሌሊት ላይ የደከመው መንገደኛ ይሄን ያስባል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ግን ፍርዱ ፍርድ ነው። በኒው ዮርክ ወይም በኒው ጀርሲ ትራንዚት ያለው አዳኝ በረራ ካመለጠው ሻንጣውን አለመንካት ነው የሚሻለው።

ይሄ ነገር ለእኛ ልጆች ለምን ይጠቅማል? አሜሪካ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን ገና ዜግነት ያልወሰዱ፣ ግሪን ካርድ ላይ ያሉ ናቸው። ዜጋ ላልሆነ ሰው በጦር መሣሪያ ወንጀል ጥፋተኛ መባል በኢሚግሬሽን ሕጉ ከአገር የሚያስባርር ምክንያት ነው። ለዜጋው ጎረቤት በገንዘብ ቅጣትና በጠበቃ ወጪ የሚያልፍ ጉዳይ፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቱ የኑሮው ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። ከጥቂቶቹ ልዩ ሁኔታዎች አንዱ፣ የሚገርመው፣ ከስቴት የተሰጠ የአደን ፈቃድ መኖር ነው።

ሕጉ ክፍተት የለውም ማለት ግን አይደለም። ጃንዋሪ 6 ቀን 2017 አንድ ሰው ከአላስካ ፎርት ላውደርዴል፣ ፍሎሪዳ በረረ። ሽጉጡን በሥርዓቱ አስመዝግቦ ነው ያስጫነው። ሲደርስ ሻንጣውን ተቀበለ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ጥይት ሞላ፣ ወጥቶ ሻንጣ የሚጠብቁ ሰዎች ላይ ተኮሰ። 5 ሰው ሞተ። በበረራው ላይ ማንም አልተነካም፣ ሕጉ የተሠራለት ነገር ተሳክቷል፤ ችግሩ የመጣው ካረፉ በኋላ ነው። ዛሬ አንዳንድ አየር መንገዶች የመሣሪያ ሻንጣን ከሌላው ጋር ከማሽከርከር ይልቅ ቢሮ ውስጥ መታወቂያ አይተው ያስረክባሉ፤ ወዲያው እንዳይከፈትም በፕላስቲክ ማሰሪያ የሚያስሩት አሉ።

ወደ ውጭ አገር ሲሆን ይሄ ሁሉ የመጀመሪያው በር ብቻ ነው። አሜሪካዊ አዳኝ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ጆሃንስበርግ ላይ ከፖሊስ ጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ከአሜሪካ ከመውጣቱ በፊትም ጠመንጃውን ይዞ ጉምሩክ ቢሮ ሄዶ ቅጽ 4457 ላይ ያስመዘግባል፣ ሲመለስ «የራሴ ነው» ለማለት። ቅጹ ነጻ ነው።

ወደ ቦሌስ? ኢትዮጵያም የውጭ አዳኞች ይመጣሉ፣ በተለይ ሌላ አገር ለማይገኘው የደጋ አጋዘን። እነሱ ግን የአደንና የመሣሪያ ፈቃዳቸውን አስቀድመው ጨርሰው ነው የሚገቡት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ወደ አገር ማስገባትን ይከለክላል፣ የሚቆጣጠረውም ፌዴራል ፖሊስ ነው። ዳላስ ኤርፖርት ላይ የተፈረመችው ካርድ ቦሌ ላይ ምንም ዋጋ የላትም። «ለአባቴ ስጦታ ነው» የሚለውም እንደዚያው።