ሳይበጠስ እንቀይረው

መኪና ያለው ቤተሰብ ዘይት መቀየሩን አይዘነጋም፤ ጎማ ሲያልቅም ዓይን ያየዋል። ከሞተሩ ፊት በክዳን ተሸፍኖ የሚሠራውን ታይሚንግ ቺንጊያ ግን ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ከተበጠሰ በኋላ ነው። እኛም የተማርነው እንዲሁ ነበር።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ለኒካሕ እየተጓዝን ነበር። የተሳፈርንበት አሮጌ ናፍጣ ሚኒባስ የአንድ ወዳጃችን ነው፤ ከወንድሞቻቸው ጋር አዋጥተው፣ የጎደለውን ተበድረው የገዙት የልጆቻቸው እንጀራ ነበር። አዘዞን አልፈን ፀዳ ስንደርስ ሞተሩ በድንገት ጠፋ። ሹፌሩ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ የአካባቢው ወጣቶችም ተሯሩጠው ገፉልን። አልተነሣም። ከጎንደር የተጠራው መካኒክ ክዳኑን ከፍቶ ጥርሱ የረገፈውን ቺንጊያ አሳየንና፣ «ሐጂ፣ ሲገዙት ይህ መቼ እንደ ተቀየረ ጠይቀዋል?» አላቸው። «ሻጩ አዲስ ነው ብሎኝ ነበር» አሉ። ወረቀት ግን አልነበረም። ቫልቮቹ በመታጠፋቸው ቴስታታው መውረድ ነበረበት። መኪናው ለሳምንታት ቆመ፤ የዕዳው ቀጠሮ ግን አልቆመም።

ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?

ቺንጊያው ከውስጡ ጠንካራ ክር ያለው ባለ ጥርስ ጎማ ነው። ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ክራንክሻፍት ቫልቮቹን ከሚከፍተው ካምሻፍት ጋር ያገናኛል። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች የነዳጅ ፖምፓውንም የሚያዞረው እርሱ ነው። ቺንጊያው ሲበጠስ ካምሻፍቱ ይቆማል፤ ፒስተኑ ግን ወደ ላይ መውጣቱን አይተውም፤ ተከፍቶ የቀረውን ቫልቭም ይመታዋል። የናፍጣ ሞተር ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ አደጋ አለበት። እንደ ቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ ያሉ አንዳንድ የቤንዚን ሞተሮች ቺንጊያ ቢበጠስባቸው ይቆማሉ እንጂ ቫልቭ አያጥፉም። እንደ ቪትዝ ያሉት ደግሞ በቺንጊያ ፋንታ ሰንሰለት አላቸው። ስለዚህ አስቀድሞ የራስን ሞተር ዓይነት ማወቅ ይገባል።

መቼ ይቀየር?

አምራቾች የሚሰጡት ገደብ እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ በአብዛኛው ከ60,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ነው። በብዙ የቀድሞ ቶዮታ ናፍጣዎች 100,000 ሲሞላ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት ይበራል። ይህ መብራት ግን ኪሎ ሜትር ይቆጥራል እንጂ ቺንጊያውን አያይም። ቆጣሪው ከተበላሸ ወይም ወደ ኋላ ከተመለሰ መብራቱም ያሳስታል።

ኪሎ ሜትር ብቻውንም አይበቃም፤ ጎማ በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃልና። ጎንደርና ባሕር ዳር በ180 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በየቀኑ ደርሶ የሚመለስ ሚኒባስ 360 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ 100,000ውን በ278 የሥራ ቀናት ገደማ ይጨርሳል። በቀን 20 ኪሎ ሜትር የምትሄድ የቤት መኪና ግን እዚያ ለመድረስ ከ13 ዓመት በላይ ይፈጅባታል፤ ቺንጊያው ያን ያህል አይጠብቃትም። ስለዚህ ከኪሎ ሜትሩና ከዓመቱ ቀድሞ የደረሰው ይወስናል። ዓመቱ በመኪናው መመሪያ ካልተጻፈ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ መቀየር ለጥንቃቄ ይበጃል። ታሪኩ በወረቀት ያልተረጋገጠ አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ደግሞ በገዛበት ሳምንት ይቀይር።

መካኒኩን ምን እንጠይቀው?

ቺንጊያው ሲቀየር መወጠሪያው ኩሽኔታም አብሮ ይቀየር፤ አርጅቶ ከተነቀነቀ አዲሱን ቺንጊያ ይበላዋል። ዘይት የሚያልብ ከሆነ መከላከያ ጎማዎቹ ይለወጡ፤ ዘይት ጎማን ያበላሻልና። የውኃ ፖምፓውን የሚያዞረው ይኸው ቺንጊያ ከሆነ እርሱም ይታይ። ምልክቶቹ ከገጠሙ በኋላ ሞተሩ ቁልፍ ከመነካቱ በፊት በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ዞሮ እንደገና ይረጋገጥ። በመጨረሻም ቀኑና ኪሎ ሜትሩ በወረቀት ተጽፎ ከሞተሩ ክዳን ሥር ይለጠፍ።

ሞተሩ እየሄደ በድንገት ከጠፋ ደግሞ ቁልፉን ደጋግመን አናዙር፤ አናስገፋም። ቺንጊያው ተበጥሶ ከሆነ እያንዳንዱ ዙር ጉዳት ይጨምራል። በፀዳ የተደረገልን እርዳታ ከልብ የመነጨ ነበር፤ ለሞተሩ ግን አልበጀውም።

በአገራችን አሮጌ መኪና ገና ብዙ ያገለግላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አስወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተገልጿል። በእጃችን ያለውን መጠበቅ የግድ ነው።

ለሚሸጥም አንድ ቃል አለን። ቺንጊያው ያልተቀየረ መሆኑን እያወቁ «ተቀይሯል» ማለት ዓይብን ደብቆ መሸጥ ነው፤ ሐራምነቱም ግልጽ ነው። እውነቱን የተናገረ ሻጭ ከዋጋው ጥቂት ቢቀነስበት ነው። ያልተነገረው ገዢ ግን ልጆቹን አሳፍሮ መንገድ ይወጣል። ወዳጃችን ዛሬ ከቴስታታው ወጪ በኋላ ሚኒባሳቸውን አስነሥተዋል፤ ከሞተሩ ክዳን ሥርም ቀንና ኪሎ ሜትር የተጻፈበት ወረቀት ለጥፈዋል። እርስዎስ የቤትዎ መኪና ወረቀት አላት?